ክዳኑ የተዘጋ ጀልባ

ሰኞ፣ ጁን 22፣ 2009

ጀልባ ውስጥ ነኝ። ስጽፈው ለራሴም ይገርመኛል። ከምንኖርበት ከጋርላንድ ማዶ ሬይ ሀበርድ ሐይቅ ላይ፣ ከጀልባ ማሰሪያው መድረክ፣ ከዶኩ አጠገብ የታሰረች አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ናት። ባለቤቷ ዋንዳ፣ ሪቻርድሰን በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ናት፤ እኔ እዚያ ረዳት ነኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጀልባዋ እምብዛም አትነዳም። ቅዳሜ ልብስ ስንቀይር ክንዴን አየችና ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። በር መትቶኝ ነው አልኳት። ልንወጣ ስንል የጀልባዋን ቁልፍ እጄ ውስጥ አስቀመጠች። "እዚያ ማንም አይፈልግሽም" አለችኝ።

ትናንት ባሌ ክፍሉ ኤርፖርት ሺፍት ላይ ሳለ ልብሴን የቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ለጥቂት ቀን ነው። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲደክመው ነው እንደዚያ የሚሆነው። ትንሽ ብንራራቅ ይበርድለታል ብዬ ነው።

ያላሰብኩት እናቱን ነው፤ እማማ እታለማሁን። ፌስታሉን መኪናው ኋላ ጭኜ ስዞር ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የመድኃኒት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ እኔ እኮ ሥራ አይደለም የምሄደው።"

"አውቃለሁ። ንጂ።"

ነዳሁ።

ማክሰኞ፣ ጁን 23

ብሬክ ላይ ነኝ። ቶሎ ልጻፍ።

እማማን ጀልባው ውስጥ ትቻቸው መጣሁ። የት ልውሰዳቸው? የጣሪያውን ክዳን ገርበብ አደረግኩ፣ ውሃ አጠገባቸው አስቀመጥኩ፣ ስልክ አሳየኋቸው። አረንጓዴውን ይጫኑ፣ ቀዩን አይንኩ። ሬዲዮው ዛሬ ከመቶ ዲግሪ ፋራናይት ያልፋል ይላል።

ክፍሉ ደጋግሞ ኮል አድርጓል። አላነሳሁም። ማንሳት ነበረብኝ።

እዚህ ኮሪደሩ ይቀዘቅዛል። የማጥባቸው ሴትዮ ሹራብ አምጪልኝ አሉኝ። ሳለብሳቸው እንባዬ መጣ።

ሐሙስ፣ ጁን 25

ጀልባዋ ከውጭ ሲያይዋት ነጭ፣ ቆንጆ ናት። ውስጧ ጠባብ ጓዳ ነው፤ ሁለት አግዳሚ፣ ትንሽ ማጠቢያ፣ ወደ አፍንጫዋ በኩል ጠበብ ያለች አልጋ። ሽንት ቤቷ ከተበላሸች ቆይታለች። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ጣሪያውን ትጠብሰዋለች። ከሥር ያለው የሐይቅ ውሃም ለብ ያለ ስለሆነ ከታችም ቅዝቃዜ የለም። ትራሱ ይረጥባል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ ዳቦ ባንድ ቀን ይሻግታል።

ዋንዳ ከሥራ በኋላ መጥታ አሳየችኝ። ከላይ ትልቅ ሸራ ወጥረን ጥላ ሠራን። መስኮቶቹን በሚያብረቀርቀው የመኪና የፀሐይ መከለያ ሸፈንን። ከፊት ባለው የጣሪያ ክዳን ላይ ደግሞ አፉን እንደከፈተ ጆንያ ያለ ጨርቅ ሰቀለች፤ ነፋሱን ይቀልብና ወደ ጓዳው ያወርደዋል፤ ከዚያ በኋላው በር ይወጣል።

"ዋናው ነገር አየሩ መግቢያም መውጫም እንዲኖረው ነው" አለች። "ሁለቱንም ክፍት አድርገሽ ተዪ። ከዘጋሽው ምድጃ ነው።"

እሺ አልኳት። ስትሄድ ክዳኑን መልሼ ገርበብ አደረግኩት። ዶኩ ላይ ሰው ያልፋል። የጀልባ ማቆሚያው፣ የማሪናው፣ ኃላፊ ጀልባ ውስጥ መኖር ክልክል ነው ብሎ መግቢያው ላይ ለጥፏል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የክፍሉ የሥራ ባልደረባ ሸምሱ በዊክኤንድ ዓሣ የሚያጠምደው እዚሁ ሐይቅ ነው። ይህን እንዴት ሳላስብ መጣሁ?

እማማ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ሙቀት አያስፈራቸውም። ሽርጣቸውን ውሃ ነክረው በሩ ላይ ሰቀሉት። "እኛ ጋ እንዲህ ነው። ነፋሱ በርጥቡ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል።" ጠበቅን። ሽርጡ ሳይደርቅ ዋለ፤ ጓዳው እንደ ሻወር ቤት ታፈነ።

"የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው" አሉና አወረዱት። "ይሄኛው ላብሽን እንኳ አይወስድልሽም።"

የግራ እጃቸው አንጓ አሁንም አብጧል። በጨርቅ አሰርኩላቸው። ያን ዕለት ኪችን ውስጥ አዳልጧቸው ነው። እኔና ክፍሉ መሃል ሲገቡ። አዳልጧቸው ነው።

እሁድ፣ ጁን 28

ቸርች አልሄድንም። እማማ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ዝግ ባለ ድምፅ ጸለዩ።

ከሰዓት በኋላ የትምወርቅ ደወለች። ኳየር አብረን ነው የምንዘምረው፤ ቤድፎርድ ትኖራለች። ከቸርች ፓርኪንግ ነበር የምታወራኝ።

"ዓለምጌጥ፣ ምን አድርገሽ ነው?"

"ምን አደረግኩ?"

"የባሏን እናት ሰርቃ ጠፋች እየተባለ ነው። ፓስተር ግዛቸው አስጸለየላችሁ። ክፍሉ ፊት ወንበር ላይ ሲያለቅስ ነበር።"

"አልሰረቅኳቸውም። ራሳቸው ናቸው መኪናው ውስጥ የገቡት።"

"እሱን ማን ያምንሻል?"

ከኋላዋ የሌላ ሴት ድምፅ ሰማሁ። "እስቲ የማን ባል ነው የማይቆጣው?" የትምወርቅ ቶሎ ብላ ስልኩን ሸፈነች። ቢሆንም ሰምቻለሁ።

የት እንዳለን አልነገርኳትም።

ክፍሉ ያለቀሰው የእውነቱን ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሁልጊዜ ያለቅሳል። እሱ ሲያለቅስ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 1

ዋንዳ የመስኮት ኤሲ ይዛ መጣች። የኋላውን በር በሚነሳ ጣውላ ደፍነን መሃሉ ላይ አቆምነው። ገመዱ ዶኩ ላይ ካለው የመብራት ምሰሶ ይመጣል። ያጓራል፣ ያንጠባጥባል፣ ግን ያቀዘቅዛል። እማማ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተመስገን።

የማሪናው ሰውዬ ድምፁን ሰምቶ ቆመ። ዋንዳ "ጀልባዬ እንዳይሻግት ነው" አለችው። እሷ ስትናገር ውሸት እንኳ አይመስልም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 4

የነጻነት በዓል ነው። ሐይቁ በሰው ተሞልቷል። በየጀልባው ኤሲ፣ በየጀልባው ሙዚቃ። ልክ ሙቀቱ ሲብስ የዶኩ መብራት አልቻለውም፤ የእኛ ኤሲ ጠፋ። ማብሪያው ምሰሶው ላይ ነው። ወጥቼ መልሼ ማብራት ብቻ ነበረብኝ።

በመስኮቱ መከለያ ቀዳዳ ሳይ ሸምሱ አለ። ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለት የማጥመጃ ዘንግ ውሃ ውስጥ ጥሏል። በስልክ ሲያወራ ቃሉ ሁሉ ይሰማኛል። "ኧረ ምንም የለም፤ ዛሬ ዓሣውም ሙቀት ፈርቷል" ይላል።

የፊተኛውን ክዳን ዘጋሁት። የኋላው በኤሲው ተደፍኗል። መግቢያም የለ፣ መውጫም የለ። እማማ በአፋቸው ይተነፍሳሉ። በካርቶን አራገብኩላቸው። የማራግበው ያንኑ ትኩስ አየር ነው።

"ሂጂና አብሪው" አሉኝ።

"ሸምሱ አለ፣ እማማ።"

"ቢያየን ምን ይሆናል? ልጄ ይመጣል። ይምጣ።"

"አይሆንም። እባክዎ።"

ካርቶኑን ተቀበሉኝና ለእኔ ያራግቡልኝ ጀመር።

"ዓለሜ፣ ሁለታችንም የምንፈራው አንድ ሰው ነው። እሱን የወለድኩት እኔ ነኝ።"

ሸምሱ እስኪሄድ ድረስ ቁጭ አልን። መብራቱን አብርቼ ስመለስ እማማ አስመልሷቸዋል። ዳቦው ነው አልኩ። የሻገተ ሳይኖረው አይቀርም።

እሁድ፣ ጁላይ 5

ዛሬ ዋንዳ ሞተሩን አስነስታ ወደ ሐይቁ መሃል ወሰደችን። መልህቅ ጣለች። ጀልባዋ ቀስ ብላ ዞረችና አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አቀናች።

"ዶክ ላይ ታስራ መዞር ስለማትችል ነፋሱ በጎኗ ያልፋታል" አለች ዋንዳ። "ስትለቂያት ግን ራሷ ትፈልገዋለች።"

ክዳኑንም በሩንም ብርግድ አደረግነው። ያ ጆንያ የመሰለ ጨርቅ ተነፋ። ነፋሱ በጓዳው መሃል አልፎ ሲሄድ ወረቀት ሁሉ በረረ። እማማ ሻሻቸውን ፈተው ነጩን ፀጉራቸውን ለቀቁት። ሲስቁ ከሰማኋቸው ስንት ጊዜዬ ነው።

ዋንዳ ከላይ ስትቀመጥ እማማ እንዲህ አሉኝ፦ "የክፍሉ አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ደግ ሰው ነበር ይሉታል። የሚሉት አብረውት ያላደሩት ናቸው።"

"ለምን አልሄዱም?"

"በየት በኩል? እኔ ዋንዳ አልነበረችኝም።" ቀጠሉና "ክፍሉ ትንሽ ልጅ ሆኖ ከጠረጴዛው ሥር ያይ ነበር" አሉ።

ሐብሐብ ልቁረጥልዎ ወይ አልኳቸው። ወሬውን ለምን እንደቀየርኩ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ተመልሰን ታሰርን። መሃል ሐይቅ ላይ ማደር አንችልም፤ ነገ ሺፍት አለኝ፣ ዋንዳም አለባት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 8

ኤሲው ሞተ። ዋንዳ ከፍታ አየችው፤ አይሠራም አለች። ሌላ እስክታገኝ ክዳኑን ክፈቺ፣ ጨርቁን ስቀዪ፣ ጣሪያው ላይ ውሃ ድፊ አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ በባልዲ እየቀዳሁ እደፋለሁ። እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል።

ዋንዳ ቤቴ ኑሩ ስትል ዛሬም ጠየቀችኝ። ቤቷ ሁለት መኝታ ነው፤ የልጇ ልጆች መጥተውባታል፤ ሶፋውም ወለሉም ሰው ነው። አይ፣ እዚህ ይሻለናል አልኳት። እንዴት ነው እንዲህ ያልኩት?

የእማማ የግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ነው። እንዲህ ባለ ሙቀት አደገኛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ሐኪማቸው ማየት ነበረበት። ክሊኒኩ ግን የያዘው የክፍሉን ስልክ ነው። ቀጠሮ ብይዝ የሚደውሉት ለእሱ ነው።

ቮይስ ሜይል ትቷል። "ዓለሜ፣ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ። ኤሲውን አብርቼ እየጠበቅኳችሁ ነው። እናቴ ሙቀት አይስማማትም፤ ታውቂያለሽ።" ደግሜ ሰማሁት። ከሱ ቀጥሎ ሌላ መልእክት አለ። እሱን አንዴ ብቻ ነው የሰማሁት።

ከሥራ ስወጣ መኪናው ራሱን የሚነዳ ይመስል ወደ ጋርላንድ ሄደ። የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ፓርክ አደረግኩ። የቤታችን መብራት በርቷል። እማማን ወስጄ ላስረክባቸው፣ እሳቸው እንኳ ይተንፍሱ አልኩ። በሩ ተከፍቶ ክፍሉ ቆሻሻ ሊጥል ወጣ። ጎንበስ ብዬ መሪው ሥር ተደበቅኩ። እስኪገባ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። የገዛ ቤቴ ፊት ለፊት።

ዓርብ፣ ጁላይ 10

ጠዋት ያስቀመጥኩት ውሃ እንዳለ ነው። የትናንቱም።

ሽንት ቤቱ እላይ፣ የማሪናው ቢሮ አጠገብ ነው። ቀን እንዳይወጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ አይጠጡም። ላለመውጣት ነው የማይጠጡት። ስንት ቀን ሆኗቸው ይሆን? በሥራ ቦታ ቢሆን ወዲያው ለነርሷ እናገር ነበር።

"ይጠጡ፣ እማማ።"

"ጠጥቻለሁ።"

"አልጠጡም።"

"ማታ እጠጣለሁ።"

ቆዳቸውን ቆንጠጥ ሳደርገው ቶሎ አይመለስም። ኢመርጀንሲ መውሰድ አለብኝ። ነገ። ነገ ግማሽ ሺፍት ነው፤ እንደወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 11

ኢመርጀንሲ፣ ኮሪደር ላይ።

ክዳኑን ከፍቼው ነበር ጠዋት። እምላለሁ። ስመለስ ተዘግቷል። በሩም ከውስጥ ተቆልፏል። በመስኮቱ መከለያ ቀዳዳ ሳይ ወለሉ ላይ ናቸው። የበሩን ጣውላ በእግሬ ሰበርኩት።

ሰውነታቸው እሳት ነው፤ ላብ የለም። "የሸዋ፣ ባቡሩ መጣ እንዴ?" ይሉኛል። የሸዋ የሞተች እህታቸው ናት።

ዶኩ ላይ ወጥቼ ጮህኩ። በአማርኛ ነው የጮህኩት። ሮጦ የመጣው ሸምሱ ነው። ምንም አልጠየቀኝም። አቅፎ አወጣቸው፣ ጥላ ሥር አስተኛቸው፣ የዓሣ ማቀዝቀዣውን ሙሉ በረዶ አምጥቶ አንገታቸውና ብብታቸው ላይ አደረግን። አምቡላንስ እስኪመጣ ነጠላቸውን እየነከርኩ ሸፈንኳቸው።

አሁን ገባኝ። ሸምሱ ዓሣ ሊያጠምድ ሲመጣ በቀዳዳው አይተውታል። ክዳኑን የዘጉት ራሳቸው ናቸው። ለኔ ብለው ነው።

ወይም እኔ ስላስተማርኳቸው ነው።

እሁድ፣ ጁላይ 12

እማማ በሕይወት አሉ። ይተነፍሳሉ። ኩላሊታቸው ተጎድቷል፤ ምን ያህል እንደሆነ ገና ነው ይላሉ ዶክተሮቹ። ጠዋት ዓይናቸውን ገልጠው "ይበርዳል፤ የምን ቤት ነው?" አሉኝ።

ራጅ አንስተዋቸው ኖሯል። ከሰዓት ሶሻል ወርከር፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ መጣች። የስልክ አስተርጓሚ ብትፈልግ አማርኛ የሚያውቅ አላገኘችም፤ አንቺ አስተርጉሚልኝ አለችኝ። እጃቸው ላይ ያለው ስብራት ሳምንታት ያለፈው ነው፤ እንዴት ተሰበረ? ብላ ጠየቀች።

ጥያቄውን ነገርኳቸው።

"ልጄ ጠምዝዞኝ ነው" አሉ ረጋ ብለው። "ሚስቱን ሲመታ መሃል ገብቼ።"

እኔ በእንግሊዝኛ ፎል፣ ወድቀው ነው አልኩ።

ሴትየዋ መጻፍ ጀመረች። እማማ ከትራሱ ቀና አሉ።

"ፎል አልሻት።"

አንሶላቸውን አስተካከልኩ።

"እኔ ፎል አላልኩም። ያቺን ቃል አውቃታለሁ። ክሊኒክ አብሬሽ ስሄድ ስለራስሽ ሁሌ የምትያት ናት።"

"እማማ፣ ልጅዎ ነው። ያስሩታል።"

"ልጄ መሆኑን አንቺ አትነግሪኝም። እንዳልኩት አድርገሽ በያት።"

ሶሻል ወርከሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሁለታችንንም ታየናለች። ከመጀመሪያው ጀምሬ ቃል በቃል ተናገርኩት። ሚስቱን ሲመታ የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

"ሚስቱ ማን ናት?" አለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

በሩን ሄዳ ዘጋችው። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያወራሁትን ሁሉ አላስታውስም። እማማ ደህናውን እጃቸውን ጉልበቴ ላይ እንዳደረጉ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 14

ክፍሉ መጣ። ሆስፒታሉ እንዳይገባ ሊከለክለው ነበር፤ እማማ ይግባ አሉ። ጥበቃው በሩ ላይ ቆመ። ፓስተር ግዛቸውም አብሮት ነው። እኔ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

ክፍሉ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ እግራቸውን አቀፈና አለቀሰ። ራሱን ዳበሱት። ከልባቸው ነው የዳበሱት። ሳየው ልቤ ተሰበረ፤ እኔም ሄጄ ልነካው ትንሽ ነው የቀረኝ።

"ልጄ፣ እወድሃለሁ" አሉት። "ቤትህ ግን አልመለስም።"

ቀና ሲል የሚያየው እኔን ነው። "ይሄ ያንቺ ሥራ ነው።"

"እኔን ነው የምታናግረው" አሉት እማማ።

ፓስተር ጉሮሮውን ጠረገ። "እማማ፣ ይሄ ነገር ፖሊስ ጋ ሳይደርስ በቸርች በኩል ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ማለቴ፣ ለእርስዎም ለልጆቹም ስም።"

እማማ በጀሶ የታሰረውን እጃቸውን ከአንሶላው ሥር አወጡ። "ይሄን በየት በኩል ይጨርሱታል፣ ፓስተር?"

ክፍሉ ተነስቶ ወጣ። ሊፍቱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ የጫማውን ድምፅ አዳመጥኩ። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ለልጃቸው ነው ያለቀሱት፤ አልከለከልኳቸውም።

ዓርብ፣ ጁላይ 17

ቤድፎርድ፣ የትምወርቅ አፓርትመንት ነን። ሸምሱ ነው የነገራት። ሆስፒታል ድረስ መጥታ "ያን ቀን በስልክ የሰማሽውን ሰምተሻል፤ እኔም ዝም ብያለሁ" አለችኝና የእማማን ቦርሳ አነሳች። ሌላ አላወራንም። መኝታ ቤቷን ለቅቃልን እሷ ሳሎን ትተኛለች።

እማማ ገና አልበረቱም። የኩላሊት ሐኪም በየሳምንቱ ያያቸዋል። ሌሊት ቀና እያሉ ውሃ ይጠይቃሉ፤ እኔም ሳልተኛ ስለምጠብቅ እሰጣቸዋለሁ። ክዳኑን ዘግተው ወለሉ ላይ የተኙት ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ይታየኛል። ማንም አልወቀሰኝም። እሳቸውም አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ክፍሉ ዛሬም ደውሏል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ኤሲ ጠፍቶበት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ከፍርድ ቤት ደወሉ። ሰኞ ዳኛ ፊት እቀርባለሁ፤ እንዳይደርስብኝ ትእዛዝ ለማውጣት። አስተርጓሚ ያስፈልግሻል ወይ አለችኝ ሴትየዋ። አያስፈልገኝም አልኩ። ባኞ ቤት ገብቼ በእንግሊዝኛ ተለማመድኩት፤ ምላሴ ላይ ቀለል ይላል፤ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላል።

እማማ ከአልጋው ሰምተውኝ ኖሯል። "ምን እያልሽ ነው?" አሉኝ።

"ሰኞ የምናገረውን ነው።"

"በአማርኛ በይው እስቲ፤ እኔም ልስማው።"

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እሳቸውም አላጣደፉኝም። ከዚያ አልኩት፤ አሁንም እጽፈዋለሁ።

ባሌ ይመታኛል። በር አይደለም፤ ድካምም አይደለም። ክፍሉ ነው።